የአሥር አለቃ ቀናው ጣቶች

አሥር አለቃ ቀናው ሞቷል፤ ከቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ተቆርጠው ተወስደዋል፤ የቆረጣቸው ሰው ደግሞ ቁስሉን በወጉ አስሮለት፣ ወለሉን አጥቦ ነው የሄደው።

ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር አሰለፈች፣ አቃቂ፣ ከአሮጌው ሐዲድ በታች ባለች አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ቆማ ሬሳውን ታያለች። ሰውየው በጀርባው ተኝቷል። ብርድ ልብሱ እስከ ደረቱ ተስቦለታል። ቀኝ እጁ ትራስ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ከፋሻው ውስጥ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ብቅ ብለዋል። በሩ አልተሰበረም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑም በቦታው አለ። አጠገቡ ሩብ ያህሉ የጎደለ የአረቄ ጠርሙስና አንድ ብርጭቆ አለ።

"ሌባ ፋሻ ያስራል እንዴ?" አለ ዋና ሳጅን ጉተማ። ሃያ ዓመት ፖሊስ ሆኖ የሠራ፣ ሬሳ ፊት ካልቀለደ መቆም የማይችል ሰው ነው።

"ፎቶህን አንሳ።"

"እያነሳሁ ነው። እንዲያው ልብ በይ ብዬ ነው። እኔን ጥርሴን የነቀለኝ ሐኪም እንኳን እንዲህ አልተጠነቀቀልኝም።"

አሰለፈች ወደ አልጋው ጠጋ አለች። ከበሩ ላይ ገና ሳትገባ ነበር ሰውየውን የለየችው። ከስድስት ወር በፊት ከዚሁ ግቢ ደጃፍ በካቴና አስራ ወስዳዋለች። ጉተማ ያኔ ፈቃድ ላይ ስለነበር አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም። ለመናገር ጊዜ አልነበረም ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ጊዜ ግን ነበር።

ሚስትየው እታገኝ ውጭ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከሰርቪስ ወርዳ ነው ሬሳውን ያገኘችው። የፋብሪካው መታወቂያ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ጠዋት ስትወጪ እንዴት ነበር?"

"ተኝቶ... አይ፣ አይተኛም እኮ። ተጋድሞ ነበር።"

"ጠላት አለው?"

"እሱ? ሰው የለውም፣ እንኳን ጠላት።"

"የተቆረጡት ጣቶች ላይ ምን ነበር?"

"ሰሜን ላይ ፍንጣሪ መታቸው። ደርቀው ቀሩ። አይታጠፉም፣ አይዙም። ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ።" ቀና ብላ አየቻት። "ያን ጊዜም እርስዎ ነበሩ የመጡት።"

"እኔ ነበርኩ።"

"የፊታችን ማክሰኞ የሕክምና ቦርድ ቀጠሮ ነበረው" አለች እታገኝ። "ይግባኝ ነው። ሁለት ዓመት ተመላልሷል። ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ ነው ብለው በበቂ መቶኛ ከተቀበሉት ጡረታው ይከበራል፤ ቢሞትም ለእኔና ለልጄ ይተላለፋል። ካልተቀበሉት ባዶ ነን። አሁን ማን ይቀርብለታል?"

"አረቄው የማን ነው?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎት። ቀናው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም።"

አሰለፈች ማስታወሻዋ ላይ አጎነበሰች። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ጫነችው እንጂ ምንም አልጻፈችም።

*

ሐሙስ ጠዋት ጉተማ ገዳዩን አግኝቶ ጨርሷል። አንድ ጊዜ እንኳን አይደለም፣ ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው ሐሳቡ አሻራ ነበር። ባንኩም መታወቂያውም በአሻራ ሆኗል፤ ስለዚህ ጣቱን ቆርጦ የወሰደ ሰው የሆነ ነገር ሊከፍትበት ነው አለ። አሰለፈች አውራ ጣቱን ለምን ተወው ስትለው ያን ትቶ ሌላ ያዘ። ሁለተኛው ሱፍያን ነው። ሱፍያን የስልጤ ሰው ነው፤ ከግቢው ፊት ለፊት ፌሮ፣ ላሜራና ምስማር ይሸጣል። ሱቁ ግድግዳ ላይ መጋዝና መቁረጫ በየዓይነቱ ተሰቅሏል። ከስድስት ወር በፊት ቀናውን ሊከስ ጣቢያ የመጣውም እሱ ነበር።

"ጠብ አለው፣ መሣሪያ አለው፣ ጎረቤት ነው" አለ ጉተማ። "ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ከነመጋዙ የተነሳው ፎቶ?"

"ትናንት የት እንደዋለ።"

ሱፍያን መርካቶ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወጥቶ ዕቃ ሲያስጭን ውሎ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሰ። ደረሰኝ አለው፣ የጭነት መኪናው ሹፌር ስልክ አለ፤ ጉተማ እዚያው ደውሎ አረጋገጠና ፊቱን አጠቆረ።

"ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር" አለ ላለመሸነፍ።

"ማን? እኔና ቀናው?" ሱፍያን ወደ አሰለፈች ዞረ። "ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ነበሩ እኮ የመጡት። መኪናው ፌሮ ሲያራግፍ አንድ እስር ከላይ ወደቀ፤ ሰፈሩ ተናወጠ። እኔ ራሴ 'ቢስሚላህ' ብያለሁ። ቀናው ከግቢ ወጣ፣ ላሜራዬን አንድ በአንድ ጎትቶ አስፋልቱ ዳር ምሽግ ሠራ። ከኋላው በደረቱ ተኛ። 'ዝቅ በሉ! ዝቅ በሉ!' ይለናል። አላፊ አግዳሚው ይስቃል።"

"እና ከሰሱት" አለ ጉተማ።

"ሐኪም ጋ ይውሰዱልኝ ብዬ ነው የመጣሁት! 'ይሄ ሰው ታሟል' አልኩዎት። እርስዎ 'ሰክሯል' አሉኝ። እኔ መጠጥ አላውቅም፣ ሽታውን ግን አውቃለሁ፤ ሱቄ በር ላይ የሚሸና ሰካራም ሞልቷል። ቀናው አይሸትም ነበር።"

ጉተማ አፉን ከፍቶ አሰለፈችን አያት። እሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መጋዞች ታያለች።

ከመጋረጃው ጀርባ የሱፍያን ሚስት ፈርዶሳ ወጣች። ትናንት ሱቁን የያዘችው እሷ ነች። "ሰው አይቻለሁ" አለች። "ሦስት ሰዓት ላይ ኮፍያ ያደረገ ረጅም ሰው ቦርሳ ይዞ ገባ። ፊቱን አላየሁትም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣ፤ ብብቱ ሥር ነጭ ነገር ይዟል። ቦርሳውን አልያዘም ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ሰባት ሰዓት አልፎ ተመለሰ። አምስት ደቂቃም አልቆየ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ሲገባ እየተጣደፈ ነበር፤ ሲወጣ ግን የግቢውን በር እንኳን አልዘጋም።"

መኪና ውስጥ ገብተው በሩን እንደዘጉ ጉተማ፣ "ገድሎ የተመለሰ ነፍሰ ገዳይ አይቼ አላውቅም" አለ። ቀበቶውን አሰረና፣ "ያን ቀን ቀናው ምን ሆኖ ነው?" ሲል ጠየቀ።

"ሰክሮ ነበር" አለች አሰለፈች።

ይህን ውሸት ከስድስት ወር በፊት ስትጽፈው ውሸት አልመሰላትም ነበር። ሰካራም ማስጠንቀቂያ ፈርሞ በማግስቱ ይፈታል። አእምሮው የተነካ ሰው ግን ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ አጃቢ ይመደብለታል፣ መኪና ይፈለግለታል፤ ያን ቀን ደግሞ የጣቢያው መኪና ጋራዥ ነበር። በዚያ ላይ 'እብድ' የሚል ስም ሰፈር ውስጥ እንዴት እንደሚጣበቅ ታውቃለች። ስለዚህ የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ላይ "በመጠጥ ኃይል ራሱን ስቶ ሕዝብ በመረበሽ" ብላ ጽፋ ፈረመች። ደግ የሠራች መስሏት ምሳዋን በላች።

*

የአስከሬን ምርመራው ሐኪም ከሰዓት በኋላ ደወለ።

"ደም ፈሶት አይደለም የሞተው" አለ። "የቆረጠው ሰው ሥራውን ያውቃል። ክንዱን በላስቲክ አስሮ ነው የቆረጠው፤ ደም ሥሮቹን በክር ቋጥሯል፣ ቆዳውን ሰፍቷል። ክንዱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። የገደለው መተንፈስ ማቆሙ ነው። የኬሚካል ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል። ይልቅ የሚወስደው መድኃኒት ነበረው?"

አሰለፈች ለቅሶ ቤቱ ሄዳ እታገኝን ጠየቀቻት።

"መድኃኒት የለም። ጠበል ብቻ ነው። በወር አንዴ በሌሊት ተነስቶ ይሄድ ነበር።"

ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ የሚያስተካክል አንድ ረጅም ሰው ነበር። እታገኝ በዓይኗ አመለከተቻት፦ "ፍቅሩ ነው። ከአንድ ሻምበል ናቸው። ከዚያ ሻምበል እሱ ብቻ ነው የሚመጣልን።"

አሰለፈች ጠጋ ብላ ረቡዕ የት እንደዋለ ጠየቀችው። ቃሊቲ የእንስሳት መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይሠራል። "ሥራ" አለ። "መዝገብ አለን፤ ስንገባም ስንወጣም እንፈርማለን።" ዓይኑን ከአግዳሚው አላነሳም። ጉተማ ወዲያው ሄዶ መዝገቡን አየ፤ ፍቅሩ ሁለት ሰዓት ገብቷል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥቷል። ከሁለቱም ፊት ለፊት ፊርማው አለ።

"ሥራ ላይ የዋለበት ማስረጃው እንደ ሲሚንቶ ነው" አለ ጉተማ በስልክ። "ሌላ ረጅም ሰው ፈልጊ።"

*

የቦርዱ ጸሐፊ ዮዲ ትባላለች። ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረው ፋይል ከእሷ ይረዝማል።

"ቀናው... ቀናው... አዎ፣ 'የማይታጠፍ ጣት'።"

"እንዲህ ነው የምትጠሯቸው?"

"ስም ይመሳሰላል፣ ጉዳት አይመሳሰልም።" ፋይሉን መዝዛ አወጣች። "ሦስት ጣት፣ ደርቋል፣ ግን አለ። ሠንጠረዡ የጎደለውን ነው የሚቆጥረው። የሌለ ጣት መቶኛ አለው፤ ያለ ጣት፣ ባይሠራም፣ ያው አለ ነው የሚባለው። ትንሽ ተሰጠው። ለጡረታ ግን አይሞላም።"

"እንቅልፍ ማጣቱስ? መደንገጡስ?"

"እሱ ነበር የሚያድነው። ሐኪሞቹ ሊሞሉለት ተቃርበው ነበር። ከመኖሪያ አካባቢው መረጃ ይምጣ ተባለና ለፖሊስ ጻፍን።" አንድ ወረቀት ወደ አሰለፈች አዞረች። "ይሄ መጣ። ጠጪ ነው። ችግሩ ከመጠጥ ነው እንጂ ከግዳጅ ጋር አይያያዝም ተብሎ ተዘጋ።"

የመዝገቡ ቅጂ ነበር። ማኅተሙ ደብዝዟል። ፊርማው ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አሰለፈች ፊርማዋን አሳምራ መጣል ትወዳለች።

"በዚህ አንድ መስመር?"

"የፖሊስ ቃል ነዋ" አለች ዮዲ። "እኛ ፖሊስን እንዴት እናስተባብላለን?"

አሰለፈች ፋይሉን በቀስታ ዘጋችው። ዮዲ ፊርማውን ከፊቷ ከቆመችው ሴት ጋር አላያያዘችም። አሰለፈችም አልነገረቻትም፤ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ስለ ሠንጠረዡ ማሰብ ነበረባት። የሌለ ጣት መቶኛ አለው፤ መልሱ እኮ እዚያው ነበር። እሷ ግን የምታስበው ስለ ፊርማዋ ብቻ ስለነበር፣ ከፊቷ የተቀመጠውን ፍንጭ ረግጣው አለፈች።

*

ቀብሩ አርብ ነበር።

ፍቅሩ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሲደርሱ ትከሻውን ለሌላ ሰው ለቆ ውጭ ቀረ። አሰለፈች አየችው። ኀዘን ነው ብላ አለፈችው።

ፍትሐት ሊጀመር ሲል ቄስ ወልደየሱስ ወደ እታገኝ ጎንበስ ብለው የክርስትና ስሙን ጠየቁ።

"ዘአማኑኤል" አለች።

ቄሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ለአፍታ ነው፤ ዲያቆኑ መጽሐፉን ይዞ ጠበቃቸው። ከዚያ ጀመሩ። አሰለፈች የሰው ፊት በማየት እንጀራ የምትበላ ሴት ስለሆነች፣ ቀብሩ እስኪያልቅ ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። ሕዝቡ ሲበተን ጠብቃ ተጠጋቻቸው።

"አባታችን፣ ስሙን ሲሰሙ ለምን ደነገጡ?"

"አልደነገጥኩም፣ ልጄ። ገረመኝ እንጂ።"

"ምኑ?"

"ይሄን ስም በዚህ ሳምንት ስሰማ ሁለተኛዬ ነው። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። 'የክርስቲያን አካል ነው፣ ቆሻሻ ላይ አይጣል፣ ቅበሩልኝ' አለኝ። ይመጣል እኮ፤ እግር ይመጣል፣ እጅ ይመጣል። ከሆስፒታል የወጣ ነው ብዬ ተቀበልኩት። በማን ስም ልጸልይ አልኩት። ዘአማኑኤል አለኝ። ራሱ ነው የቆፈረው። ሲጨርስ ቆሞ አለቀሰ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ረጅም ነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።"

አሰለፈች ወደ እታገኝ ሄደች። የሰው የክርስትና ስም ደጅ ላይ አይወድቅም። እናት ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባት ያውቀዋል፣ ሚስት ታውቀዋለች።

"ቀናው ስሙን ለማን ለማን ነግሯል?"

"ለማንም። የክርስትና ስም እኮ በዋዛ አይነገርም።" እታገኝ ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች። "ለጓዶቹ ብቻ። ወደ ምሽግ ሲገቡ ስም ይለዋወጣሉ፤ የሞተውን የተረፈው በስሙ ፍትሐት እንዲያስፈታለት። ስምንት ነበሩ። ቀናው የስድስቱን አስፈትቷል።"

"ሰባተኛውስ?"

እታገኝ ወደ ቅጥሩ በር ዞራ አየች። ፍቅሩ እዚያ የለም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ፣ የባቡሩ መጨረሻ አካባቢ፣ ፍቅሩ ከመጋዘኑ በር ላይ ካርቶን ሲቆጥር አገኙት። አልሮጠም።

"ረቡዕ ነበር የጠበቅኋችሁ" አለ። "ዛሬ ቅዳሜ ነው።"

"መዝገቡ ሥራ ላይ ነበር ይላል" አለ ጉተማ ተናዶ።

"ጓደኛዬ ፈረመልኝ። እዚህ ሁሉም ለሁሉም ይፈርማል። እናንተ ጋ እንዲህ አይደረግም?"

አሰለፈች ካርቶን ላይ ተቀመጠች። "ሕክምና የት ተማርክ?"

"የሻምበሉ ሕክምና ረዳት ነበርኩ። እዚያ ላይ ብዙ ቆርጫለሁ።" እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "አንድ ወር ሙሉ ለመነኝ። ቦርዱ ላይ አንዱ ሐኪም 'ተቆርጠው ቢሆን ለእኛም በቀለለን' ብሎ ቀልዶበታል። ቀናው ይሄን እየደጋገመ ይስቃል። 'እነዚህ ጣቶች ጠላት ሆኑብኝ' ይለኛል። እምቢ አልኩት። እምቢ ስለው ከሱፍያን መጋዝ ገዝቼ እኔው እገላገላለሁ አለ። በግራ እጁ! ያውም በዛገ መጋዝ! ደሙ ፈሶ ከሚያልቅ እኔ ልሥራው አልኩ።"

"ለቦርዱ ምን ሊል ነበር?"

"ደርቀው ስለነበር ተቆረጡ ሊል ነዋ።"

"የቆረጠው ሐኪም ወረቀት የት አለ ቢሉትስ?"

ፍቅሩ የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ። ይህ ጥያቄ ከዚህ ቀን በፊት በአእምሮው እንዳልዞረ ፊቱ ላይ ይነበባል።

"ግንባር ላይ የተቆረጠ ሰው ወረቀት ተጠይቆ አያውቅም" አለ በመጨረሻ። "ጎድሏል፣ ይታያል፣ አለቀ። ሁለታችንም ያሰብነው እንደዚያ ነው።"

"መርፌውስ?"

"የሚያደነዝዝና የሚያስተኛ ነው። የሰው ነው፣ የከብት እንዳይመስልሽ። አረቄውን ያመጣው እሱ ነው፣ ለድፍረት ብሎ። ተይ ይሄን... ከመርፌው በፊት ጠይቄዋለሁ። ሦስት ጊዜ። የምትወስደው ኪኒን አለ ወይ? የለም። ለእንቅልፍ? የለም። ለጭንቅላት? ተቆጣኝ። 'እኔ እብድ ነኝ እንዴ?' አለኝ። ወታደር ለወታደር አይዋሽም ብዬ ወጋሁት።"

ጉተማ ካቴናውን አውጥቶ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

"ሥራው ጥሩ ሄደ። ሰፋሁት፣ አሰርኩት። ተኛ። ሲተኛ እኮ ደስ አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ይሄ ሰው ተኛ ብዬ ደስ አለኝ። ጣቶቹን ደግሞ የትም መጣል አልቻልኩም። ሄድኩ። ስመለስ ቀዝቅዟል።" ድምፁ አልተሰበረም፤ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ነው የተናገረው። "ሦስት ጣት ልቀብር ሄጄ ሰውየውን ብቻውን ትቼ ገደልኩት።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ሰው ገደለው ከተባለ ለሚስቱ የሚታዘንላት መሰለኝ። ራሱ አስቆረጠ ከተባለ ግን... እኔ ለራሴ ፈርቼም ነው። ፈርቻለሁ። እሱንም ጻፊው።"

ከሰዓት በኋላ የቀናውን ቤት እንደገና ፈተሹ። ጉተማ አልጋው ሥር ከነበረው የወታደር ከስክስ ጫማ ውስጥ የታጠፈ ካልሲ አወጣ። ካልሲው ውስጥ የመድኃኒት ቤት ከረጢት ነበር፤ ላዩ ላይ "ማታ ማታ አንድ" ተብሎ ተጽፏል። አብሮት ከአእምሮ ሕክምና የተሰጠ የቀጠሮ ካርድ አለ። ቀጠሮዎቹ በወር አንድ ቀን ናቸው። እታገኝ ካርዱን ተቀብላ ቀኖቹን አንድ በአንድ አየች።

"ጠበል ነው የሚለኝ" አለች። "እዚህ እየሄደ?"

ሰው ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብሎ ጠበል የሚሄድበት አገር ነው፤ ቀናው ገልብጦት ነበር። ከሚስቱ ደብቆታል፣ ከጓዱ ደብቆታል፤ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ክዷል። መርፌው፣ አረቄውና ማታ ማታ የሚውጠው ኪኒን አንድ ደረት ውስጥ ሲገናኙ እንዴት ትንፋሽ እንደሚያቆሙ ሐኪሙ በስልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳት።

ቀጥላ የደወለችው ለዮዲ ነበር።

"አካሉን ሆን ብሎ የጎዳ ሰው ሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም" አለች ዮዲ። "ጣቶቹ ወጡ ማለት ነው። የሚቀረው የጭንቅላቱ ጉዳይ ነው። የሕክምና ካርዱ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን ያ የፖሊስ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ እስካለ ድረስ 'ጠጪ ነበር፣ ሲሞትም አረቄ ጠጥቷል' ይባላል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ራሱ ካላነሳው ማንም አያነሳውም።"

ጉተማ ንግግሩን ሰምቷል። መኪናውን ሳያስነሳ ቁጭ አለ።

"እንግዲህ ገዳዩን ይዘናል" አለ። "መዝገቡ ይዘጋል። የአንቺ ወረቀት የማንም ጉዳይ አይደለም። ሐሰተኛ መዝገብ ጽፌያለሁ ብለሽ ብትፈርሚ ማዕረግሽን ብቻ አይወስዱም። ሰውየው እንደሆነ አይነሳ።"

"አውቃለሁ።"

"ደግሞ ለክፋት አልጻፍሽውም።"

"እሱ ነው የሚያናድደኝ" አለች አሰለፈች። "ንዳው።"

*

ሰኞ ጠዋት በጽሑፍ ከሰጠችው ቃል አንዱን ቅጂ ለአለቃዋ አስገባች። ሌላውን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጋ እታገኝን ጠራቻት።

እታገኝ ጥቁር ለብሳ መጣች። ስለ ፍቅሩ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ኪኒኑ ከቅዳሜ ጀምሮ ታውቃለች። አሰለፈች ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት።

"ነገ ለቦርዱ የምትሰጪው ነው። የእኔ ቃል ነው። አንብቢው።"

እታገኝ ቀስ ብላ አነበበች። "በዕለቱ የመጠጥ ሽታ አልነበረውም። ምርመራ አላደረግሁም። ሰክሯል ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው።" እዚህ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበችው።

"በዚህ ነው የከለከሉት?"

"በዚህ ነው።"

"ለምን ጻፉት?"

"ሰካራም ቶሎ ይፈታል። በሽተኛ ብዬ ብጽፍ ደብዳቤ አለ፣ መኪና አለ... መኪና አልነበረንም። ለእሱም የሚሻል መሰለኝ።"

"ለእሱም" አለች እታገኝ።

ውጭ ከባድ መኪና አለፈ፤ መስኮቱ ነዘረ። እታገኝ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"በማግስቱ ስትፈቺው እጅሽን ልስም ጎንበስ ብዬ ነበር። እዚሁ፣ ኮሪደሩ ላይ። ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ።"

"እምቢ ብለሽ እጅሽን ስበሽ ነበር። ትሑት ነች ብዬ ለሰፈር ሁሉ አወራሁልሽ።"

አሰለፈች ይቅርታ የሚለውን ቃል ከቤቷ ይዛው መጥታ ነበር። አሁን ስታየው ለራሷ የሚጠቅም ቃል ነው፤ ከተናገረችው መልስ የመስጠቱ ሸክም የሚወድቀው በዚህች ሴት ላይ ነው። ዋጠችው።

"ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አብሬሽ እገባለሁ" አለች። "ከጠየቁኝ እመልሳለሁ።"

እታገኝ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከሕክምና ካርዱ ጋር አስገባችው።

"ፍቅሩ የት ነው ያለው?"

"እዚሁ ታች። ሌላ ቦታ እስኪወሰድ።"

"ምግብ የሚያመጣለት ሰው የለውም። እኔ ባመጣለት ይፈቀዳል?"

"ይፈቀዳል።"

"እንግዲያው ምሳ ይዤለት እመጣለሁ።" ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። "አንቺ ነገ አትምጪ። ወረቀቱ ይበቃኛል።"

አሰለፈች አብራት ልትነሳ ወንበሯን ገፋች፤ እታገኝ ግን ዞራም አላየቻት። የቢሮው በር በክረምቱ እርጥበት አብጦ በአንድ ጊዜ አይገጥምም። እታገኝ ወጥታ ከውጭ ሳበችው፤ ተንገራግጮ ተከፈተ። እንደገና ሳበችው፤ ገጠመ።